«26» የሚል ዕጣ ሲወጣላችሁ፦ የሕገ መንግሥት ማሻሻያን አጥንቶ ክፍል ውስጥ ማስተማር

አሜሪካ በገባሁ በስድስተኛው ወር ነው። አሥረኛ ክፍል ነኝ። የሲቪክስ አስተማሪያችን ባርኔጣ ይዛ በየዴስኩ ዞረች። ውስጡ የተጣጠፉ ወረቀቶች አሉ። እኔ ያወጣሁት ላይ «26» ይላል። የተራ ቁጥር መስሎኝ ኪሴ ከተትኩት።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 27 ማሻሻያዎች አሉት። እኔ ስለ መምረጫ ዕድሜ የሚናገረውን 26ኛውን አጥንቼ ለክፍል ጓደኞቼ ላስተምር ነው። በዚያ እንግሊዝኛዬ!

24 ስላይድ ሠራሁ። ቀን፣ ስም፣ ቁጥር፣ ሁሉም አለ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ኋላ የተቀመጡት እንቅልፍ ጣላቸው። ስጨርስ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ለምን 18? ለምን 16 አይሆንም?» አለኝ። 24 ስላይድ ሙሉ መልሱ የለም። ፈገግ ብዬ ቆምኩ። አስተማሪዋ «እናመሰግናለን» ብላ አወጣችኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች የቤት ሥራ አግዛለሁ። በየዓመቱ ቢያንስ አንዱ ያንን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ምሳሌዬ ያው 26ኛው ነው፤ ስላቃጠለኝ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ሌላ ቁጥር የደረሳችሁ መንገዱን ውሰዱና ቁጥሩን ቀይሩ። ልጃችሁን የምታግዙ ወላጆችም እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ። ከግማሽ በላዩ ሥራ በአማርኛ መሠራት ይችላል።

ጽሑፉን በእጃችሁ ገልብጡ

ማንም ስለ ማሻሻያው የጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት ራሱን ማሻሻያውን አንብቡ። የናሽናል አርካይቭስ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ቃሉ በነጻ አለ። አብዛኞቹ ማሻሻያዎች አጭር ናቸው። 26ኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጡት። ኮፒ ፔስት አይደለም ያልኩት። እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለውን ቃል ያገኛል።

ከዚያ ወደ አማርኛ መልሱት። በእኔ አማርኛ የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ይሆናል፦ «ዕድሜያቸው 18 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የዩናይትድ ስቴትስ ዜጎች የመምረጥ መብት፣ በዕድሜ ምክንያት፣ በዩናይትድ ስቴትስም ሆነ በማንኛውም ስቴት ሊነፈግ ወይም ሊሸራረፍ አይችልም።» ሁለተኛው ክፍል ኮንግረስ ይህን በሕግ የማስፈጸም ሥልጣን አለው ይላል። አለቀ።

አሁን ቃል በቃል እንፈትሸው። የተማሪ ሁሉ የተለመደ ስሕተት «ማሻሻያው 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ይምረጥ ይላል» ማለት ነው። እንዲህ አይልም። «በዕድሜ ምክንያት አትከልክሉ» ነው የሚለው። በሌላ ምክንያት መከልከልን አይነካም። ለምሳሌ በወንጀል የተፈረደበት ሰው መምረጥ ይችል እንደሆነ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

«ዜጎች» የሚለውንም አስምሩበት። ለእኛ ቤት ልጆች ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

«ሊነፈግ ወይም ሊሸራረፍ»። ለምን ሁለት ቃል? አንዱ በቂ አልነበረም? መንፈግ በሩን መዝጋት ነው። መሸራረፍ በሩን ገርበብ አድርጎ ማስጨነቅ ነው። ቴክሳስ ዋለር ካውንቲ ውስጥ ፕሬሪ ቪው የሚባል፣ ከጥንት ጀምሮ የጥቁሮች የሆነ ዩኒቨርሲቲ አለ። የካውንቲው የመራጮች መዝጋቢ እዚያ የሚማሩትን ወጣቶች በመጠይቅ እያስቸገረ እንደ ነዋሪ አልመዘግብም ይል ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለተማሪዎቹ የተፈረደውን ፍርድ አጸና። ከአንድ ግስ አንድ ታሪክ ወጣ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የሚታወሰው እንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄውን ፈልጉ

ማሻሻያ መልስ ነው። ማንም ያለ ጥያቄ ሕገ መንግሥት አይነካም፤ መንካቱ በጣም ከባድ ነውና። እኔ ያን ቀን መልሱን ይዤ ገብቼ ጥያቄውን ቤት ረስቼ ነበር።

ጥያቄውን ለማግኘት ራሳችሁን እንዲህ በሉ፦ ይህ ከመጽደቁ አንድ ቀን በፊት ማን ነበር የተቸገረው? በ26ኛው መልሱ የ19 ዓመት ወታደር ነው።

በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጋጋም፣ ኮንግረስ የግዳጅ ውትድርናን ዕድሜ ወደ 18 አወረደ። የመምረጫ ዕድሜ ግን 21 ነው። ልጁ ጠመንጃ ይዞ ይሞታል፣ ያዘመተውን ሰው ግን አይመርጥም። በዚያው ዓመት የዌስት ቨርጂኒያው ተወካይ ጄኒንግስ ራንዶልፍ የመምረጫው ዕድሜ 18 ይሁን የሚል ማሻሻያ አቀረበ። አልሆነለትም። ደግሞ አቀረበ። አሁንም አልሆነም። ሰውዬው ሳይሰለች ቆይቶ፣ በ1971 ሲሳካ ሴናተር ሆኖ ነበር። 29 ዓመት! ጆርጂያ በ1943፣ ኬንታኪ በ1955 በራሳቸው ወደ 18 አወረዱ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 ዓመታዊ ንግግሩ ሐሳቡን ደገፈ። ጄኔራል የነበረ ሰው ነው፤ 18 ዓመት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ግን የቬትናም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ ነገሩ አልተነቃነቀም።

ያ ልጅ «ለምን 18?» ሲለኝ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ከምልመላ ወረቀት የመጣ ነው።

መንገዱን ተከተሉ፣ ቀኖቹን አትደባልቁ

ደንቡን በአንድ ትንፋሽ እወቁት። ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በኮንግረስ ነው። በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ከዚያ ከስቴቶች ሦስት አራተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ዛሬ 50 ስቴት ስላለ 38 ማለት ነው።

የ26ኛው ጉዞ ግን ከደንቡ በላይ ያዝናናል። በ1970 ኮንግረስ አቋራጭ ሞከረ። ማሻሻያ ሳይሆን ተራ ሕግ አውጥቶ «ከእንግዲህ 18 ነው» አለ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ እየጠረጠረም ፈረመበት። ኦሪገንን ጨምሮ ስቴቶች ከሰሱ። ታኅሣሥ ወር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱ «ኮንግረስ ይችላል» አሉ። አራቱ «አይችልም» አሉ። መሐል ላይ የቀረው ሁጎ ብላክ ነገሩን ለሁለት ቆረጠው፦ ለፌዴራል ምርጫ ይችላል፣ ለስቴት ምርጫ አይችልም። ስለዚህ የአንድ ሰው ሐሳብ የአገሩ ሕግ ሆነ።

ውጤቱን አስቡት። አንድ የ18 ዓመት ልጅ ፕሬዚዳንት ይመርጣል፣ ገዥ ግን አይመርጥም። በአብዛኛው ስቴት ሁለት ዓይነት መዝገብና ሁለት ዓይነት የድምፅ መስጫ ወረቀት ሊያስፈልግ ነው። የ1972 ምርጫ ደግሞ እየመጣ ነው። ስቴቶች ወጪውንና ትርምሱን ሲያስቡት ራስ ምታት ያዛቸው። መጋቢት 10 ቀን 1971 ሴኔቱ 94 ለ0፣ መጋቢት 23 የተወካዮች ምክር ቤት 401 ለ19 አሳለፈው። ሐምሌ 1 ቀን 38ኛው ስቴት ደረሰ። መቶ ቀን! በአሜሪካ ታሪክ እንዲህ የፈጠነ ማሻሻያ የለም። ለ29 ዓመት የፍትሕ ክርክር ያልገፋውን በር የምርጫ ጸሐፊዎች ወረቀት ገፋው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህንን ነው የምወደው።

እዚህ ላይ ልጆች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ኢንተርኔት ላይ ሦስት ቀን ታገኛላችሁ። መጋቢት 23 ኮንግረስ ያሳለፈበት ነው። ሐምሌ 1 የጸደቀበት ነው። ሐምሌ 5 በዋይት ሐውስ ሥነ ሥርዓት መጽደቁ የተረጋገጠበት ነው። ያን ቀን ኒክሰን ፈርሟል፤ ግን በምስክርነት ነው። ሦስት ወጣቶችም አብረውት ፈርመዋል። ማሻሻያ የፕሬዚዳንት ፊርማ አያስፈልገውም። «ኒክሰን ፈርሞ ሕግ አደረገው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት አይቻለሁ። (እነዚህ ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቤት ውስጥ ለአያት ስታወሩ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ማለት ሰኔ 24 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው በሏቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።)

ቻት ጂፒቲን መጠቀም ከፈለጋችሁ ተጠቀሙ፤ ብከለክልም እንደምትጠቀሙ አውቃለሁ። ግን የሰጣችሁን ቀንና ቁጥር ሁሉ ሄዳችሁ ዋናው ሰነድ ላይ አረጋግጡ። የኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ማሻሻያ ከፍርድ ቤት ውሳኔዎቹ ጋር የሚያብራራ ሕገ መንግሥት አለ። ከበድ ይላል፣ ግን የሚታመን ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ለማየት ደግሞ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በካርድ ብቻ ከቤት ሆናችሁ የድሮ ጋዜጦችን የምትከፍቱባቸው ብዙ ናቸው።

የኖረበትን ሰው ጠይቁ

ይህንን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት። በ1971 ዕድሜው 18 የነበረ ሰው ዛሬ ሰባዎቹ ውስጥ ነው። ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ዓመት ያገዝኳት ልጅ ከሕንፃቸው ምድር ቤት የሚኖሩትን ሽማግሌ ጠየቀች። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ልትቀዳ ስትል ሳቁ። «ቁጥሬን ልንገርሽ» አሏት፤ እስከ ዛሬ አልረሱትም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በግዳጅ ውትድርና ዕጣ የልደታቸው ቀን የወጣበት ተራ ማለታቸው ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ዋሽንግተን ላይ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብሎች መስታወት ዕቃ ውስጥ ተደረጉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን አለ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ያያል። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር። በዚያ ቀን የተወለዱት የመጀመሪያ ተጠሪ ሆኑ። በስተመጨረሻ እስከ 195ኛው ተራ ድረስ ተጠሩ።

እሷ ያን ስትሰማ የክፍል ሥራዋ በአንድ ጊዜ ተለወጠ።

ስትጠይቁ አምስት ጥያቄ ይበቃል። ለመቅዳት መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። «ምን ተሰማዎት?» አትበሉ፤ «ያን ቀን የት ነበሩ?» በሉ። ስሜቱ ራሱ ይመጣል።

ዘጠኝ አሥረኛውን ጣሉ

አሁን ብዙ ነገር አላችሁ። አብዛኛውን ጣሉት። ክፍል ውስጥ ያላችሁ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ ጨዋታ። ስላይድ ከአምስት አይብለጥ። አንዱ ላይ የማሻሻያው ቃል ብቻ ይኑር። ሌላው ፎቶ ይሁን። ከስላይድ እያነበባችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሌዳ ካዞራችሁ አበቃ፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ።

«የደረሰኝ ማሻሻያ ደባሪ ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። 27ኛው የደረሰውን ልጅ አስታውሳለሁ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የኮንግረስ አባላት ደሞዛቸውን ቢለውጡ፣ ለውጡ የሚሠራው ቀጣዩ የተወካዮች ምርጫ ካለፈ በኋላ ነው የሚል ነው። ደረቅ ይመስላል። ግን በ1789 ቀርቦ በቂ ስቴቶች ሳያጸድቁት የተረሳ ነበር። በ1982 ግሪጎሪ ዋትሰን የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይህ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ዛሬም ሊጸድቅ ይችላል» ብሎ የክፍል ወረቀት ጻፈ። ሲ አገኘ። ተናዶ ለየስቴቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በ1992 ጸደቀ። በ2017 ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ወደ ኤ ለወጠለት። ይህን ስነግረው ልጁ ወረቀቱን አቅፎት ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ

ሰላም ብላችሁ ስለ ማሻሻያው አትጀምሩ። ቁራጭ ወረቀት አድሉና ሁሉም የልደቱን ወርና ቀን ይጻፍ፤ ዓመት አያስፈልግም። በሣህን ሰብስቡ። 30 ልጅ ከሆናችሁ 16 ያህሉን አንድ በአንድ አውጥታችሁ አንብቡ፤ 195 ከ366 ወደዚያ ይጠጋል። የተጠራ ይቁም። ከግማሽ በላይ ክፍል ቆሞ ታያላችሁ። ያኔ «በእውነተኛው ዕጣ የገቡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፣ ከሁሉ ታናሾቹ 19 ዓመታቸው ነበር» በሉ። ቀጥሎ፦ «የቆማችሁት፣ ጦርነቱ ላይ ድምፅ አላችሁ?» በአብዛኛው ስቴት የለም። ከዚህ በኋላ የማሻሻያውን ቃል ስታሳዩ ማንም አይተኛም።

አንድ ነገር ግን። ከእኛ ልጆች መሐል ጦርነትን በዓይናቸው አይተው የመጡ አሉ። ወንድሙ ዘምቶ ያልተመለሰ አለ። «ዕጣ ወጥቶብሃል፣ ትዘምታለህ» ለእነሱ ጨዋታ አይደለም። ከቀኑ በፊት ለአስተማሪው ንገሩ። መሳተፍ የማይፈልግ ወረቀት አይጻፍ፣ ምክንያት አይጠየቅ። ዕጣውን ትታችሁ ሌላውን ጨዋታ ብትመርጡም ያስኬዳል፦ ዘጠኝ ወንበር ደርድሩ፣ አራት ልጅ በግራ፣ አራት በቀኝ፣ አንድ መሐል። ግራና ቀኙ መሐል ያለውን ለማሳመን ሦስት ደቂቃ አላቸው። መሐል የተቀመጠው ሁጎ ብላክ ነው። እውነተኛው ብላክ ምን እንደወሰነ የምትናገሩት በኋላ ነው።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ ደግሞ ጨዋታ ከንግግር ይሻላል፤ ሌላው ነው የሚያወራው። የመክፈቻና የመዝጊያውን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሸምድዱ። መስታወት ፊት ሳይሆን እናታችሁ ፊት ተለማመዱ። መጀመሪያ በአማርኛ አስረዷት። እሷ ከገባት ክፍሉም ይገባዋል። ካልገባት አንተም አልገባህም፣ አንቺም አልገባሽም።

ጥያቄ ሲመጣ

ሁለት ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው «እናንተ አገርስ?» ነው። ተዘጋጅታችሁ ግቡ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት የመምረጫ ዕድሜ 21 ነበር። ዛሬ በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መሠረት 18 ነው። ማሻሻያውም ይለያል። አሜሪካ 38 ስቴት ከተስማማ 12ቱ ቢያኮርፉም ይጸድቃል። በኢትዮጵያ አንቀጽ 105 ግን የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ ቆመ። ይህን ስትናገሩ አስተማሪው ራሱ ማስታወሻ ሲይዝ ታያላችሁ።

ሁለተኛው እኔን የጣለኝ ነው፦ «ለምን 16 አይሆንም?» አሁን የማሻሻያውን ቃል ታውቃላችሁ። 18 የሞላውን አትከልክሉ ይላል እንጂ ከ18 በታች አታስመርጡ አይልም። ስለዚህ መውረድ ይቻላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ልጆች አውቶቡስ ተሳፍራችሁ የምትደርሱባት ታኮማ ፓርክ በ2013 ለከተማዋ ምርጫ ዕድሜውን 16 አደረገች። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። እዚያ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ይህ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» በሉና በእውነት ነገ ንገሩ።

አንዳንድ ልጅ ሲጨርስ ለክፍሉ የመራጭነት መመዝገቢያ ቅጽ ማደል ያምረዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ቀድሞ መመዝገብ ይችላል፣ ድምፅ የሚሰጠው 18 ሲሞላው ቢሆንም። ግን «ዜጎች» የምትለዋን ቃል አስታውሱ። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ልጅ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ቢፈርም፣ በኋላ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ክፉኛ ሊያበላሽበት ይችላል። የታኮማ ፓርክ የዜጋ ያልሆኑ ምዝገባ ለብቻው በከተማዋ የሚሠራ ነው፤ ከስቴቱ ቅጽ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቅጹን በእጅ አታድሉ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የፈለገ ያነሳል፣ ያላነሳውን ማንም አይጠይቀውም።